ካያክ ላይ ፊሽ ፋይንደር መግጠም፦ የትኛው ባትሪ ይሻላል፣ ትራንስዱሰሩስ የት ይቀመጥ?

ሰው ፊሽ ፋይንደር፣ ማለትም ድምጽ ወደ ውሃ ልኮ ጥልቀቱንና ዓሳውን ስክሪን ላይ የሚያሳየውን መሣሪያ፣ ሊገዛ ሲያስብ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንት ኢንች ልግዛ?» ነው። እኔ ደግሞ «ውሃ ላይ ስንት ሰዓት ትቆያለህ? ካያክህን ከመኪና የምታወርደውስ ብቻህን ነው?» ስለው ያሾፍኩበት ይመስለዋል። ግን የምሬን ነው። ካያክ ላይ ስክሪን የመጨረሻው ጥያቄ ነው፤ መጀመሪያ ባትሪው፣ ከዛ ትራንስዱሰሩ (ድምጹን የሚልከውና የሚቀበለው ክፍል) የሚቀመጥበት ቦታ፣ ከዛ ሽቦው፣ እነዚህ ሶስቱ ካልተስተካከሉ የ1000 ዶላር ስክሪን ገዝታችሁም ጥቁር መስታወት ላይ የራሳችሁን ፊት እያያችሁ ነው የምትውሉት።

እኔ የማጠምደው እዚህ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ፖቶማክ ላይ ፖሂክ ቤይ ወይ ማሎውስ ቤይ፣ ጊዜ ሳጣ ደግሞ በርክ ሌክ። ስለዚህ የምለው ሁሉ ለወንዝና ለሐይቅ ነው፣ ባህር የሚወጣ ሰው ሌላ ሂሳብ አለው። ካያኬም ተራ የፕላስቲክ ካያክ ነው፣ ከላዩ ላይ ተቀምጠህ የምትቀዝፈው አይነት፣ ፔዳልም ሞተርም የለውም።

ደግሞ ከሁሉ በፊት፣ ላያስፈልጋችሁም ይችላል። የምትፈልጉት ስኔክሄድ ብቻ ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ። ይሄ ዓሳ ፖቶማክ ውስጥ 2004 ላይ ከተገኘ ወዲህ ስንቱ ነው እሱን የሚያባርረው፣ ግን የሚተኛው ሳር ውስጥ 2 እና 3 ጫማ ውሃ ላይ ነው። ሶናር፣ ያ የሚላከው ድምጽ፣ እንደ ባትሪ መብራት ጨረሩ ወደታች እየሰፋ ነው የሚሄደው፤ ጠባቡ 20 ዲግሪ ጨረር የሚያየው ክብ የጥልቀቱን አንድ ሶስተኛ ያህል ነው፣ 3 ጫማ ውሃ ላይ 1 ጫማ ክብ ማለት ነው፣ ከመቀመጫችሁ የጠበበ። ሰፊው 60 ዲግሪ እንኳ ከጥልቀቱ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ዓሳው ደግሞ እላዩ ላይ እስክትደርሱ ቁጭ ብሎ አይጠብቃችሁም፣ እዛ ቦታ ላይ አይናችሁና ጥሩ መነጽር ይበልጣል።

ብሉ ካትፊሽ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ይሄ የኛ አምባዛ ሩቅ ዘመድ የሚውለው ውሃው ከ8 ጫማ ድንገት ወደ 25 የሚወርድበት ጠርዝ ላይ ነው፣ ያንን ደግሞ በአይን አታገኙትም። አብረውን የሚያጠምዱ ጋሼ የምንላቸው ሰውዬ አሉ፣ ለአመታት ገመድ ጫፍ ላይ ድንጋይ አስረው በየ5 ጫማው ቋጠሮ እየቋጠሩ ነው ጥልቀት ሲለኩ የኖሩት። አይሳቅባቸውም፣ ከብዙዎቻችን የበለጠ ዓሳ ይዘዋል። ግን እሳቸው 15 ደቂቃ የሚፈጅባቸውን ስክሪኑ እየቀዘፋችሁ ያሳያችኋል።

ባትሪ

ሂሳቡ ቀላል ነው። የፊሽ ፋይንደሩ ማኑዋል ላይ ስንት አምፒር እንደሚበላ ተጽፏል። ተራዎቹ ባለ 4 እና ባለ 5 ኢንች ከ1 አምፒር በታች ናቸው፣ ባለ 7ቱ ሳይድ ኢሜጂንግ (ግራና ቀኙን እንደ ፎቶ የሚያሳየው) ምናምን ሲጨመርበት 1 አምፒር አካባቢ ይደርሳል ወይ ያልፋል፣ ከዛ በላይ ያሉት እንደየአይነታቸው ነው። የባትሪውን አምፒር አወር፣ ማለትም የሚይዘውን መጠን፣ ለዛ ቁጥር ታካፍላላችሁ፣ የሚሰራበትን ሰዓት አገኛችሁ። ነገር ግን የምታካፍሉት ባትሪው ላይ የተጻፈውን ሳይሆን በእውነት መጠቀም የምትችሉትን ነው፣ ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሊድ አሲዱን እንይ፣ ያ ለዩፒኤስና ለአላርም የሚሆነው ጥቁሩ ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር አወር። 20 ምናምን ዶላር ነው፣ የትም ይገኛል፣ ቻርጀሩም ርካሽ ነው። ጥሩ ጎኑ እዚህ ላይ አለቀ። ክብደቱ 5 ፓውንድ አካባቢ ነው፣ ደጋግማችሁ ከግማሽ በታች ካወረዳችሁት ቶሎ ይሞታል፣ ስለዚህ 7 ብላችሁ የገዛችሁት በተግባር 3 ተኩል ነው። 0.8 አምፒር ለሚበላ ስክሪን 4 ሰዓት ከምናምን ነው የሚሰጣችሁ፣ ብርድ ሲሆን ከዛም ይወርዳል። እኔ የመጀመሪያውን ሰመር የወጣሁት በዚህ ነው፤ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ውሃ ገብቼ ጠዋት 3 ሰዓት ሲል ስክሪኑ ድርግም፣ ያውም ዓሳው መንካት ሲጀምር። ክረምቱን ቻርጅ ሳላደርገው ጋራዥ ውስጥ ትቼው ማርች ላይ ሳወጣው አስክሬን ሆኖ ጠበቀኝ። እሱ ግን የኔው ስንፍና ነው፣ ሊድ ባትሪ ባዶውን ከተቀመጠ እንደሚበላሽ ማንም ያውቃል፣ ከኔ በስተቀር።

አሁን የምጠቀመው ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለውን ነው፣ ከዚህ በኋላ ፎስፌቱ ልበለው። ባለ 12 ቮልት 10 አምፒር አወሩ 2 ፓውንድ ተኩል ምናምን ነው፣ የሊዱ ግማሽ ማለት ነው። ከ10ሩ 9ኙን ያለ ሃሳብ ትጠቀሙበታላችሁ፣ ለዛው ለ0.8ቱ ስክሪን 11 ሰዓት፣ ከዛ በላይ ውሃ ላይ የሚቆይ ሰው ሚስት የለውም ማለት ነው። ቻርጅ እየተደረገ የሚኖረውም በሺህ ነው የሚቆጠረው፣ የሊዱ በመቶ። ዋጋው ስም የሌለው ከ40 እና 50 ዶላር ይጀምራል፣ እንደ ዳኮታ ሊቲየም ስም ያለው ሲሆን ወደ 100ና ከዛ በላይ ይሄዳል። ካያኩን ብቻችሁን ለምታወርዱና ከ4 ሰዓት በላይ ለምትቆዩ ሌላ አማራጭ አትፈልጉ፣ ይሄ ነው።

የራሱ ጣጣ ግን አለው። አንደኛ፣ ቮልቴጁ እስከመጨረሻው 13 አካባቢ ሳይነቃነቅ ይቆይና በአንዴ ነው የሚወድቀው፣ ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ያለው የባትሪ ማስጠንቀቂያ አይረዳችሁም፣ ሰዓታችሁን ራሳችሁ ቁጠሩ። ሁለተኛ፣ የራሱ ባለ 14.6 ቮልት ቻርጀር ይፈልጋል፣ የሊዱን ቻርጀር ቤት ስላለ ብቻ አትሰኩበት። ሶስተኛ፣ ከ0 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ቻርጅ አይደረግም፣ ጃንዋሪ ላይ ከውሃ ወጥታችሁ ጋራዥ ውስጥ ወዲያው ከመሰካት ወደ ቤት አስገቡትና ይሙቅ።

አራተኛው የሚያናድደው ነው። ርካሹ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ሁሌ እውነት አይደለም። አንድ ጊዜ ኦንላይን 10 ተብሎ የተሸጠልኝ ሲለካ የ5 ሆኖ አረፈው። መለኪያው ቀላል ነው፣ ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ ባለ 10 ዋት የመኪና አምፖል አገናኙበትና ስንት ሰዓት እንደበራ ቁጠሩ፣ 10 አምፒር አወር ከሆነ 11፣ 12 ሰዓት ሊጠጋ ይገባዋል። 5 ሰዓት ላይ ከጠፋ መመለሻ ጊዜው ሳያልፍ መልሱት፣ እኔ ሳምንት ሙሉ ነገ ዛሬ ስል አልፎብኛል።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። እንደ ኖክዋ ያለው ትንሹ የሊቲየም አዮን ፓክ በጣም ቀላል ነው፣ ለግማሽ ቀን ምርጥ ነው፣ ብቻ ስንት ሴል እንደሆነ እዩ፤ ባለ 3 ሴሉ ሲሞላ 12.6 ቮልት ነው፣ ችግር የለውም፣ ባለ 4 ሴሉ ግን 16.8 ይደርሳል፣ የፊሽ ፋይንደራችሁ ጣሪያ ስንት እንደሆነ ማኑዋል ላይ ሳታዩ አትሰኩት። የድሪል ባትሪ የሚሉ አሉ፣ ቤት ስላለ ያጓጓል፣ ግን 18 እና 20 ቮልት ነው፣ መቀነሻ ካልገባበት ስክሪኑን ሊያቃጥል ይችላል፣ ደግሞ ውሃ አይወድም። የስልክ ፓወር ባንክ 5 ቮልት ስለሆነ ከፍ ማድረጊያ ኬብል ያስፈልገዋል፣ ይሰራል ግን ማገናኛው በበዛ ቁጥር ውሃ የሚገባበትም በዛ። 8 ተራ የባትሪ ድንጋይ በመያዣ ተደርድሮ 12 ቮልት ይሰጣል፣ ለትንሽ ስክሪን ለድንገተኛ ቀን አይጠላም። ሞተር ያላችሁ ደግሞ ለፊሽ ፋይንደሩ የራሱ ባትሪ ስጡት፣ ከሞተሩ ባትሪ ከጎተታችሁ ስክሪኑ ላይ ዝናብ የሚመስል ነጠብጣብ ይሞላል፣ ሰው ዓሳ መስሎት መንጠቆ ይጥላል።

ላይቭስኮፕ የሚባለውን፣ ዓሳውን እንደ ቪዲዮ በቀጥታ የሚያሳየውን የጋርሚን ሶናር፣ የምታስቡ ካላችሁ ጥቁሩ ሳጥን ብቻውን 2 አምፒር አካባቢ ይበላል፣ ስክሪኑ ከዛ ላይ ነው፣ ስለዚህ ባትሪውን ከ10 ወደ 30 አሳድጉት። ዋጋውን አልነግራችሁም፣ ቤት ውስጥ ጸብ አልፈልግም።

ትራንስዱሰሩ

ሶስት ቦታ አለ፣ ሆዱ ውስጥ፣ ከስሩ፣ ከጎኑ። ሶስቱንም ሞክሬያለሁ።

ሆዱ ውስጥ ማለት ከውስጥ በኩል ወለሉ ላይ ማጣበቅ ነው። ድምጽ ውሃና ፕላስቲክ ያልፋል፣ አየር ግን ለሶናር ግድግዳ ነው፣ ስለዚህ በትራንስዱሰሩና በፕላስቲኩ መሃል ትንሽ አረፋ ከቀረች አለቀ። እኔ መጀመሪያ በማሪን ጉፕ ማጣበቂያ ቀባ ቀባ አድርጌ ነበር የለጠፍኩት፣ በርክ ሌክ ላይ ስወርድ አንዴ 4 ጫማ አንዴ 60 ይለኛል፣ ሐይቁን ለማያውቅ ሰው ጉድጓድ አገኘሁ ያሰኛል። አንስቼ ሳየው ስሩ እንደ እንጀራ አይን በአይን ነው። መደረግ ያለበት ማጣበቂያውን ጠቀም አድርጎ ማፍሰስ፣ ትራንስዱሰሩን ከአንድ ጠርዝ ጀምሮ እያሽከረከሩ ቀስ ብሎ መጫን፣ ከዛ አንድ ቀን ሙሉ አለመንካት። ማጣበቅ ያልፈለገ ሰው ደግሞ ወፍራም ስፖንጅ መሃሉን በትራንስዱሰሩ ቅርጽ ቆርጦ ስፖንጁን ብቻ ያጣብቅና ውስጡ ትንሽ ውሃ ያፈስበታል፣ በየጊዜው መሙላት አለ ግን በፈለጋችሁ ጊዜ ትነቅሉታላችሁ። ሁሉም ነገር ከመለጠፉ በፊት ውሃ ላይ ሆናችሁ ወለሉ ላይ ትንሽ ውሃ አፍሳችሁ ትራንስዱሰሩን አስቀምጡና እዩት፣ የጋሼን ባለቋጠሮ ገመድ አውርዳችሁ አነጻጽሩ፣ ቁጥሩ ከተቀራረበ ቦታው ጥሩ ነው።

የዚህ ትርፉ ከውጭ ምንም የሚመታ ነገር የለም፣ ካያኩን ሲሚንቶ ላይ ብትጎትቱትም አያገባውም። ጉዳቱ ግን ተራውን ሶናር ብቻ ነው የምታገኙት። ዳውን ኢሜጂንግ (ከስር ያለውን እንደ ፎቶ የሚያሳየው) እና ሳይድ ኢሜጂንግ በፕላስቲክ በኩል ሲሆን ወይ ይደበዝዛል ወይ ጭራሽ የለም። የሚያሳየው ሙቀትም የውሃውን ሳይሆን የካያኩን ሆድ ነው። ስለዚህ ሳይድ ኢሜጂንግ ያለው ውድ ነገር ገዝቶ ሆድ ውስጥ መለጠፍ ቴሌቪዥን ገዝቶ ብርድ ልብስ እንደማልበስ ነው።

ከስሩ የሚገባው ካያኩ ለዚህ የተሰራ ቦታ ካለው ብቻ ነው። ሆቢ የሚባለው ካያክ ጋርዲያን የሚለው መከላከያ ያለው ክፍተት አለው፣ ሌሎችም ውሃ መውረጃ ቀዳዳው አካባቢ ጉድጓድ አዘጋጅተው የሚሸጡ አሉ። ካላችሁ አትጨነቁ፣ ከሁሉም የተሻለ ነው፣ ምስሉ ጥርት ያለ ነው፣ ኬብሉም ተደብቆ ይሄዳል። ብቻ የምትገዙት ትራንስዱሰር እዛ ክፍተት ውስጥ መግባቱን በመለኪያ አረጋግጡ፣ የሳይድ ኢሜጂንጉ ረጅም ስለሆነ የማይገባበት አለ።

ከጎን የሚንጠለጠለው ክንድ የኔ ምርጫ ነው። ያክአታክ ስዊችብሌድ የሚባል አለው፣ ራም ማውንትም አለው፣ ካያኩ ላይ ካለው ሐዲድ ጋር ስለሚታሰር መብሳት የለም። ገንዘብ ማውጣት ያልፈለገ ሰው በፒቪሲ ቱቦ ራሱ ይሰራዋል፣ አንድ ክርንና ሁለት ቁራጭ ቱቦ፣ ጫፉ ላይ ትራንስዱሰሩን የሚይዝ ብሎን፣ በቃ። ሁሉም አይነት ምስል ይሰራል፣ ካያክ ስትቀይሩም ይዛችሁት ትሄዳላችሁ፣ ተከራይታችሁ ለምትወጡም ይሆናል። መጥፎነቱ ሳር ይሰበስባል፣ ዓሳው ወደዛ በኩል ከሮጠ ክሩ ይጠመጠምበታል፣ ከዛ ደግሞ መርሳት አለ። ማሎውስ ቤይ ላይ ከውሃው ስር ከ100 በላይ የአንደኛው የአለም ጦርነት ዘመን የእንጨት መርከቦች ተኝተዋል፣ በሳይድ ኢሜጂንግ ስታዩአቸው የጎድን አጥንታቸው ተደርድሮ፣ የሆነ ዓሣ ነባሪ መቃብር ነው የሚመስለው፣ እኔ እሱን እያየሁ ክንዱ መውረዱን ረስቼ አንዱ ግንድ ላይ ገጨሁት። የተሰበረው 8 ዶላር የማያወጣ ፒቪሲ ስለነበር ሳቅኩ፣ ውዱ ቢሆን ኖሮ አልስቅም ነበር። አሁን ትራንስዱሰሩ ላይ ቀጭን ማሰሪያ ገመድ አለው፣ ክንዱ ቢሰበር እንኳ አይሰምጥም።

ስለዚህ የመጀመሪያው አመት በክንድ ውጡ። አመቱ ሲያልቅ ከጥልቀት ሌላ ምንም እንደማታዩ ካወቃችሁ ያኔ ሆዱ ውስጥ ለጥፉት፣ ማጣበቂያው የትም አይሄድም።

መግጠም የሚለውን ቃል ራሱ የማትወዱ ደግሞ እንደ ዲፐር ወይ እንደ ጋርሚን ስትራይከር ካስት ያሉ የሚወረወሩ ኳሶች አሉ፣ ባትሪው ውስጡ ነው፣ በዋይፋይ ስልክ ላይ ያሳያል። አየር የሚሞላ ካያክ ላላቸው ጥሩ ነው። ለኔ ግን ፀሐይ ላይ የስልክ ስክሪን አይታየኝም፣ ስልኬም የአደጋ ጊዜ መደወያዬ ስለሆነ እዛ ላይ ባትሪውን አልጨርስም።

ሽቦው

አጭር ነው ግን አብዛኛው ችግር የሚመጣው ከዚህ ነው። ፖዘቲቩ ላይ፣ ለባትሪው ቀረብ ብሎ፣ ፊውዝ ይግባ፣ ብዙዎቹ 3 አምፒር ነው የሚሉት፣ ማኑዋሉን ተከተሉ። ፊውዝ ለስክሪኑ ብቻ አይደለም፣ ሽቦ ተላልጦ ቢገናኝ እሳቱ ከናንተ መቀመጫ ኋላ ነው ያለው። ማገናኛዎቹን ጠምዝዞ በቴፕ መጠቅለል የአገር ቤት ልማድ ነው፣ ውሃ ላይ አንድ ወር አይቆይም፣ ቴፑ ውስጥ ሽቦው አረንጓዴ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በሙቀት የሚጨማደድ ማገናኛ ተጠቀሙ፣ መሰኪያው ላይ ዳይኤሌክትሪክ ግሪስ ቀቡ፣ ጨው ያለበት ውሃ ከሆነ ቤት ስትመለሱ በንጹህ ውሃ አለቅልቁት። ባትሪው ውሃ የማያስገባ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ከመቀመጫችሁ ኋላ ዝቅ ብሎ ይታሰር፣ ካያኩ ቢገለበጥ ተንከባሎ የሚሄድ መሆን የለበትም።

መብሳት ግድ ከሆነ ከውሃው መስመር በላይ፣ ሁለቴ ለክታችሁ አንዴ። ሲሊኮን ደግሞ በዚህ አይነት ፕላስቲክ ላይ በደንብ አይዝም፣ ጎማ ያለው የኬብል ማስገቢያ ግዙ።

ስክሪኑስ? ባለ 5 ኢንች ከጂፒኤስ ጋር ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ጂፒኤሱን ግን አትቀንሱ፣ ጠርዙን አንዴ ካገኛችሁት በኋላ ምልክት ካላደረጋችሁበት በሚቀጥለው ሳምንት ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ባለ 7 ኢንቹ ሳይድ ኢሜጂንግ ለሚያይ ሰው ነው፣ ስክሪኑ ለሁለት ሲከፈል 5ቱ ይጠባል። ከዛ በላይ ለካያክ አይመከርም፣ መቅዘፊያውን ይመታል።

አንድ የሚደጋገም ጥያቄ፣ ለአገር ቤት ወንድሜ ልውሰድለት ወይ የሚል። ፊሽ ፋይንደሩ ችግር የለውም፣ ባትሪው ነው። አውሮፕላን ላይ የሊቲየም ባትሪ ያለ ፈቃድ እስከ 100 ዋት አወር ነው፣ ያውም በእጅ ሻንጣ፣ ጫፎቹ በቴፕ ተሸፍነው። ባለ 10 አምፒር አወሩ ፎስፌት 128 ስለሚሆን አየር መንገዱን አስቀድሞ ማስፈቀድ ይጠይቃል፣ ባለ 7ቱ ግን 90 አካባቢ ስለሆነ ያልፋል፣ ካልሆነም እዛው የሞተር ሳይክል ባትሪ ይሰራል። ሃዋሳ ወይ ዝዋይ የእንጨት ጀልባ ላይ ከሆነ ሆዱ ውስጥ መለጠፍን አታስቡት፣ እንጨት ድምጽ ይውጣል። ጣና ላይ በደንገል ታንኳ የሚወጣ ሰውማ ጭራሽ አይሆንለትም፣ ደንገሉን የሚያንሳፍፈው ውስጡ ያለው አየር ነው፣ ሶናሩን የሚያግደውም ያው አየር። ከጎን በፒቪሲ ክንድ፣ በገመድ ጥብቅ አድርጎ አስሮ፣ ሲመለስ ደግሞ ማንሳቱን ሳይረሳ።